አሮጌው ብሮንዚና ይመለስ ወይስ ይጣል?
የወፍጮ ሞተር ሲፈታ ገበሬው አይቶ እንዲፈርድ



የማኅበራችሁ የወፍጮ ሞተር አንድ ቀን መፈታቱ አይቀርም። ጭስ ያበዛል፣ ጉልበት ያጣል፣ ወይም ከሆዱ ውስጥ «ቋ፣ ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ያሰማል። መካኒክ ይጠራል። ሞተሩ ይፈታና ዕቃው በጆንያ ላይ ይዘረጋል። ያን ጊዜ ለኮሚቴው አንድ ጥያቄ ይቀርባል፦ «አሮጌውን ብሮንዚና እንመልሰው ወይስ አዲስ እንግዛ?»

ብዙ ጊዜ መልሱን የሚሰጠው ማን ነው? ወይ መካኒኩ ነው፣ ወይ የመለዋወጫ ነጋዴው ነው። መካኒኩ ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ ከቸኮለ «ይኼ ገና ብዙ ይሠራል» ይላል። ነጋዴው ደግሞ «ሁሉም ይለወጥ» ይላል። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ ልክ ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን አይደሉም። ገንዘቡ የማኅበሩ ነው። ወፍጮው በመኸር ወቅት ቢቆም እህል አዝለው ሩቅ ወፍጮ ድረስ የሚሄዱት፣ ያም ካልተገኘ በድንጋይ የሚፈጩት የእናንተው እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ስለዚህ ብሮንዚናውን በገዛ ዓይናችሁ አይታችሁ፣ በገዛ ጣታችሁ ዳስሳችሁ መፍረድ አለባችሁ። ይህን ለማወቅ የመካኒክ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ማየት፣ መዳሰስና ቁጥር ማንበብ ይበቃል።

ብሮንዚና ምንድን ነው?

በሞተሩ ሆድ ውስጥ አንድ ጠማማ የብረት ዘንግ አለ። መካኒኮች «ኮሎ» ይሉታል። ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ቢዬላ የሚባለው ክንድ ያንን ምልልስ ለኮሎው ያቀብለዋል፤ ኮሎውም ይዞራል። ቺንጋው የወፍጮውን ድንጋይ የሚያዞረው በዚህ ነው።

ታዲያ ኮሎው የሚዞርበት ማረፊያ ያስፈልገዋል። ማረፊያው ብሮንዚናው ነው። ቅርጹ ለሁለት የተሰነጠቀ ሸንበቆ ይመስላል፤ አንዱ ክፋይ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው ዘንጉን ያቅፉታል። ጀርባው ጠንካራ ብረት ነው። ውስጡ ግን በለስላሳ ብረት የተለበጠ ነው። ልባጩ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከቆርቆሮ ብረት፣ ከእርሳስ ብረት፣ ከመዳብ ወይም ከአሉሚኒየም ቅልቅል ይሠራል። በብዙዎቹ ላይ ከሁሉ በላይ ያለው ሽፋን ከፀጉር ክር ይቀጥናል።

ለምን ለስላሳ ሆነ? «ጠንካራ ቢሆን አይሻልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይሻልም። ጠንካራ ብረት በጠንካራ ብረት ላይ ቢዞር ይነካከሳል፣ ይግላል፣ ይጣበቃል። ለስላሳው ግን ጥቂት ትቢያ ቢገባ ወደ ራሱ ውጦ ኮሎውን ከመቧጨር ያድነዋል። ዘይት ቢያንስ ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ለውዱ ዕቃ ሲባል ርካሹ ዕቃ ይሙት ማለት ነው። ኮሎ ውድ ነው፤ ብሮንዚና ከኮሎ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። ለዚህ ሥራ ተስማሚ የሆነ ከቆርቆሮ፣ ከአንቲሞኒና ከመዳብ የተቀላቀለ ብረት በ1839 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያስተዋወቀው አይዛክ ባቢት የተባለ አሜሪካዊ ነበር። እስከ ዛሬም ዓይነቱ በስሙ «ባቢት» ይባላል፤ «ነጭ ብረት» የሚሉትም አሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞተሩ በደህና ሲሠራ ኮሎው ብሮንዚናውን አይነካውም! በመካከላቸው ዘይት አለ። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱን ወደ ሥሩ ይስባል፤ ታንኳ በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ እሱም በዘይት ላይ ይንሳፈፋል። የሚነካካው ገና ሲነሳና ሲቆም ነው። ወይም ዘይት ሲያልቅ፣ ሲቆሽሽ፣ ከመጠን በላይ ሲቀጥን ነው። ስለዚህ ብሮንዚና ዕድሜው በወራት ብቻ አይቆጠርም። በንጹሕ ዘይት የሠራ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ በቆሻሻ ዘይት የሠራ ደግሞ በአንድ መኸር ያልቃል።

ሥራው ምን ያህል እንደሆነ በእርሳስ ሥሩት። ወፍጮ ሲያዞር የኖረው የድሮው ባለ 6 የፈረስ ጉልበት ሊስተር ሞተር በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል። 650 በ60 ሲባዛ በሰዓት 39,000 ነው። በቀን 8 ሰዓት ከሠራ 312,000 ዙር ይሆናል። ይህ እንግዲህ ዝግተኛ ከሚባሉት ሞተሮች አንዱ ነው። በዚህ ሞተር ቢዬላ ጫፍ ላይ ማንኪያ የመሰለች ምላስ አለች፤ በዞረች ቁጥር ዘይት እየጠለቀች ትረጫለች። የዘይቱ ልክ ወርዶ ምላሷ ካልደረሰች መጀመሪያ የሚቃጠለው የቢዬላው ብሮንዚና ነው። ጠዋት ጠዋት ዘይት ሳያዩ ሞተር ማስነሳት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ብሮንዚናውን ማንበብ

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ ሞተሩ የደበቀውን ብሮንዚናው ይናገራል። መካኒኩ ሲፈታ አጠገቡ ቁሙ። አንድም ብሮንዚና ከሌላው ጋር ሳይደባለቅ፣ የትኛው ከየት እንደወጣ፣ የትኛው የላይ የትኛው የታች እንደሆነ በጀርባው ላይ በቀለም ይጻፍ። ይህን ያላደረገ መካኒክ በኋላ «ይመለስ» ቢላችሁ አትስሙት፤ የቱን ወደ የት እንደሚመልስ ራሱም አያውቅም።

ከዚያ በላምባ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። ወደ ብርሃን አውጥታችሁ እዩት።

ገጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ድብዝዝ ያለ አመድማ ከሆነ፣ ጭረት ከሌለው፣ ይህ በደህና የሠራ ነው። መሐሉ ላይ ትንሽ ያብለጨለጨ ቢሆንም አያስደነግጥም።

በዙሪያው የተሰመረ ጭረት ካለ ቆሻሻ ገብቷል ማለት ነው። ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አግድም ጎትቱት። ጥፍር ካልያዘው ቀላል ነው። ጥፍር ከያዘው ግን ብሮንዚናው አብቅቷል። እንዲህ ያለ ጭረት ስታዩ የአየር ማጣሪያውንም አብራችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ አቧራው የገባው በዚያ ነው። ማጣሪያው ሳይስተካከል አዲስ ብሮንዚና ማስገባት በተቀደደ ስልቻ እህል መስፈር ነው።

ከአመድማው ሥር ቀይ ወይም ቢጫ የመዳብ ቀለም ብቅ ካለ የላይኛው ስስ ሽፋን አልቋል። ይለወጥ። «ገና ብረቱ አለ እኮ!» የሚል ይኖራል። ብረቱ አለ፤ ቆሻሻውን ይውጥ የነበረው ለስላሳው ግን የለም።

ገጹ ውኃ እንደ ሸሸው ረግረግ ከተሰነጣጠቀ፣ ቅርፊትም ከተነሳ፣ ብረቱ ደክሟል። ከአቅም በላይ ጭነት ተሸክሟል፣ ወይም ዕድሜው ደርሷል። ሌላው ክፍሉ ምንም ቢያምር አንዲት ቅርፊት ከተነሳች ሁሉም ይከተላል። ይህን ያለ ክርክር ጣሉት።

ጠቁሮ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ወይም ልባጩ እንደ ቅቤ ቀልጦ ወደ ዳር ከተገፋ ዘይት አጥቶ ነበር። እዚህ ላይ ብሮንዚናውን ብቻ ለውጣችሁ አትዝጉ። ዘይት ለምን አጣ? መንገዱ ተደፍኖ ነው? ዘይት መሳቢያው ደክሞ ነው? ወይስ የሚያስነሳው ሰው ሳያይ አስነስቶት ነው? ምክንያቱ ካልተገኘ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ትናንሽ ጉድጓዶች፣ ልክ ነቀዝ እንደ በላው እህል፣ ከታዩ ደግሞ ውኃ ወይም ከመጠን በላይ ያረጀ ዘይት በልቶታል። ከሞተሩ የወጣው ዘይት ወተት የቀላቀሉበት ከመሰለ ውኃ ገብቷል ማለት ነው።

በአንድ ጎኑ ብቻ የተበላ ብሮንዚናም አለ። የዚህ ጥፋተኛው ብሮንዚናው አይደለም፤ ቢዬላው ተጣሟል ወይም ኮሎው ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም። ይህን ሳያስተካክል የሚገጥም መካኒክ ገንዘባችሁን እየበላ ነው።

አሁን ገልብጡት፤ ጀርባውን እዩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካለ ከጀርባው ቆሻሻ ተቀብሮ ነበር። ጀርባው በሙሉ ከተፋተገ ደግሞ በማቀፊያው ውስጥ ሲንሸራተት ኖሯል፤ አይመለስም። በመጨረሻም ወደ ማቀፊያው በእጃችሁ ክተቱት። ደህና ብሮንዚና ከማቀፊያው ጥቂት ሰፋ ብሎ የተሠራ ስለሆነ በአውራ ጣት ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይይዛል፤ ገልብጣችሁትም አይወድቅም። ዝም ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ የሚወጣ ከሆነ ሙቀት ኃይሉን ወስዶበታል።

ቁጥሩን አንብቡ

በብሮንዚናው ጀርባ ላይ ጽሑፍ ተቀርጿል። ፊደሉ የውጭ ነው፤ አኃዙ ግን እናንተ በመሠረተ ትምህርት የተማራችሁት 1፣ 2፣ 3 ነው። «ኤስ ቲ ዲ» የሚሉት ሦስት ፊደላት ካሉ ኮሎው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው፤ ተሞርዶ አያውቅም። 0.25 ካለ ኮሎው አንድ ጊዜ ተሞርዶ ውፍረቱ በ0.25 ሚሊሜትር ቀንሷል፤ ብሮንዚናውም በዚያው ልክ ወፍሮ የተሠራ ነው። ቀጥሎ 0.50፣ 0.75፣ 1.00 ይመጣል። በኢንች የሚሠራ ፋብሪካ 10፣ 20፣ 30፣ 40 ብሎ ይጽፋል፤ እነዚህ የኢንች ሺኛ ክፍሎች ናቸው።

ይህ ቁጥር ብዙ ገንዘብ ያድናል። ገበያ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ነጋዴው «ያው ነው» ብሎ ሌላ ቁጥር ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። በ0.25 ፋንታ «ኤስ ቲ ዲ» ከገባ ኮሎው በውስጡ ይንቋቋል፤ በ0.25 ፋንታ 0.50 ከገባ ደግሞ አይዞርም። ኮሎው አሁን እንደገና የሚሞረድ ከሆነም ጥያቄው እዚያው አለቀ፤ አሮጌው ብሮንዚና ለቀጠነው ኮሎ ስለሚሰፋው መመለስ የሚባል ነገር የለም። ኮሎው መጀመሪያ ይሞረድ፣ በመለኪያ ይለካ፣ ከዚያ በልኩ ብሮንዚና ይገዛ። ቀድሞ መግዛት ለልጅ ሳይለኩ ጫማ መግዛት ነው።

ኮሎውንም በጣት መዳሰስ ይገባል። ብሮንዚናው የሚያርፍበት ቦታ እንደ መስተዋት ለስላሳ መሆን አለበት። ቦይ ቦይ የሠራ ከሆነ አዲስ ብሮንዚና በላዩ ማሰር ከንቱ ነው፤ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ዓይን የማያየው ሌላ ጉዳትም አለ፤ ኮሎው ክብነቱን ትቶ እንቁላል መስሎ ሊያልቅ ይችላል። ይህን የሚያውቀው ማይክሮሜትር የሚባለው መለኪያ ብቻ ስለሆነ መካኒኩ ከሌለው ኮሎውን ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አስለኩት።

ክፍተቱ ስንት ነው?

በኮሎውና በብሮንዚናው መካከል ዘይት የሚገባበት ክፍተት አለ። የቆየው የመካኒኮች ልማድ ከዘንጉ ውፍረት አንድ ሺኛ ገደማ ነው ይላል። ዘንጉ 50 ሚሊሜትር ቢሆን ክፍተቱ 0.05 ሚሊሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ትክክለኛው ልክ የሞተሩ መጽሐፍ የሚለው ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ዘይቱ በጎን ያመልጣል፣ ዘንጉም ይንቋቋል። ሲጠብ ዘይት አይገባም፣ ይግላል።

ይህን ለመለካት ለዚሁ የተሠራ ቀጭን የፕላስቲክ ክር ይሸጣል። ዘይቱ ተጠርጎ ክሩ በኮሎው ላይ በርዝመቱ ይጋደማል። ክዳኑ ይታሰራል፤ ኮሎው ግን በፍጹም አይዞርም። ከዚያ ይፈታል። ክሩ ተጨፍልቆ ይገኛል። በጣም ከሰፋ ክፍተቱ ጠባብ ነው፤ ትንሽ ብቻ ከሰፋ ክፍተቱ ሰፊ ነው። ስንት እንደሆነ ከክሩ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ካለው መሥመር ጋር አስተያይቶ ቁጥሩን ማንበብ ነው። ይህን ማንም ያነበበ ሰው ይችለዋል።

እንግዲህ መቼ ይመለስ?

የእኛን ሐሳብ እንንገራችሁ። ገጹ አንድ ወጥ አመድማ ሆኖ፣ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ሳይኖረው፣ መዳብ ሳያሳይ፣ በማቀፊያው ቀጭ ብሎ ሲይዝ፣ ክፍተቱም በመጽሐፉ ልክ ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ላይ ከተገጠመ ብዙ እንዳልሠራ ስታውቁ ይመለስ። ሲመለስም ወደ ነበረበት ቦታ፣ የላዩ ወደ ላይ፣ የታቹ ወደ ታች፣ ፊቱንም ሳያዞር ነው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ይለወጥ። አንዱን ክፋይ ብቻ ለውጦ ሌላውን መተውም የለም፤ ጥማድ ናቸው።

ሞተሩ ለሌላ ነገር ተፈትቶ ከሆነስ? ለምሳሌ ከላይ ቴስታታው ብቻ ቢነሳ፣ ቫልቮላ ሊሞረድ ቢሆን፣ ከሆዱም ምንም ድምፅ ባይሰማ፣ «እግረ መንገዳችንን ብሮንዚናውንም እንየው» አትበሉ። በደህና የሚሠራውን መነካካት ቆሻሻ መጋበዝ ነው። ሆዱ ከተከፈተ፣ ኮሎውም ከወጣ ግን፣ አዲሱም ብሮንዚና ገበያ ላይ ካለ፣ አጠራጣሪ የሆነውን ለማዳን መሟገት አይገባም። በወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ። በአንዱ የአዲሱን ብሮንዚና ዋጋ ጻፉ፤ ሦስት ሱቅ ጠይቁ። በሌላው አሮጌው ቢከዳችሁ የሚመጣውን ጻፉ፦ የኮሎ ማስሞረጃ፣ የመካኒክ ሁለተኛ ድካም፣ ማጓጓዣ፣ ወፍጮው የሚቆምባቸው ቀኖች ገቢ። ከዚያ ኮሚቴው ይወስን።

መካኒኩ «ጋሼ፣ እኔን እመኑኝ፣ ይኼ ገና ሁለት ዓመት ይሠራል» ቢል ሊቀመንበሩ «ልጄ፣ ማመኑን እናምንሃለን፤ ግን ጀርባውን ገልብጥና ቁጥሩን አንብብልን፣ ክሩንም አስገብተህ አሳየን» ይበል። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በዚህ አይቆጣም፤ ደስ ይለዋል እንጂ።

አንድ ክፉ ልማድ ግን አለ፤ ይህንን በግልጽ እንናገር። የላላ ብሮንዚና ለማጥበቅ ከጀርባው የቆርቆሮ ቁራጭ፣ የሲጋራ ወረቀት የሚያስገቡ አሉ። ክዳኑን በሞረድ የሚያሳንሱም አሉ። ድምፁ ለጥቂት ቀን ይጠፋል። ነገር ግን ክቡ ቅርጽ ይበላሻል፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ የዘይቱ ቀዳዳም ሊደፈን ይችላል። መካኒኩ ሄዷል፤ የሚፈነዳው ሞተር የእናንተ ነው። በድሮ ዓይነት ሞተሮች ላይ ነጭ ብረቱ በቀጥታ የፈሰሰ፣ ከክዳኑ ሥርም ከፋብሪካ ስስ ቅጠሎች የተደረጉበት ይኖራል፤ እነዚያን እየቀነሱ ማጥበቅ የተፈቀደ ነው። ከጀርባ ቆርቆሮ ማስገባት ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ኩሽኔታስ?

በወፍጮው ዘንግ፣ በውኃ መሳቢያ ፓምፕ፣ በትራክተር ጎማ ላይ ያለው ባለ ድንቢጥ ማረፊያ ኩሽኔታ ነው። ውስጡ ክብ ብረቶች ይሽከረከራሉ። ፍርዱ ቀለል ይላል። በላምባ እጠቡት፣ ይድረቅ፣ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጉበትና በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ለስልሶ ከዞረ ደህና ነው። አሸዋ እንዳለበት ከንቀጥ ንቀጥ ካለ፣ ከሰማያዊ ቀለም ወይም ከጉድጓድ ጋር ከታየ ይጣላል። በአየር ግፊት አታሽከርክሩት፤ ሊበተንና ሰው ሊጎዳ ይችላል። ከዘንግ ሲወጣ የውጪው ቀለበት ተጎትቶ፣ በመዶሻም ተመቶ ከሆነ ምንም ቢያምር አትመልሱት፤ ክብ ብረቶቹ መንገዳቸውን አጎድጉደውታል።

ቁጥሩ እዚህም አለ። ለምሳሌ 6205 ተብሎ ቢጻፍ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 አባዙ። 5 በ5 ሲባዛ 25 ነው፤ ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ 25 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። 6308 ከሆነ 8 በ5 ሲባዛ 40 ሚሊሜትር። ይህ ስሌት ከ04 ጀምሮ ይሠራል። የኩሽኔታው ስም ቢጠፋባችሁ እንኳ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ የላከ ሰው ትክክለኛው ዕቃ ይመጣለታል።

ሲገጠም

የዘይት መንገዶች በሙሉ በሽቦና በላምባ ይጠረጉ። ብሮንዚናው ላይ ያለው ቀዳዳ ከማቀፊያው ቀዳዳ ጋር ይገጣጠም፤ አንዳንዱ ቀዳዳ ያለው በአንዱ ክፋይ ላይ ብቻ ስለሆነ ቦታ ከተለዋወጠ ዘይት ይዘጋል። ጀርባውና ማቀፊያው ደረቅና ንጹሕ ይሁን፤ ዘይት የሚቀባው የውስጡ ገጽ ነው። የቢዬላው ቡሎን በመጽሐፉ በተጻፈው ልክ በመለኪያ ቁልፍ ይታሰር። እያንዳንዱ ክዳን በታሰረ ቁጥር ኮሎው በእጅ ይዙር፤ ድንገት ከከበደ እዚያው ፈትቶ ማየት ነው።

ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ቺንጋው አይታሰር፤ ባዶውን ይዙር። ጥቂት ከሠራ በኋላ ይቁም፤ ሞቅ ሞቅ ያለ ነገር ይፈለግ። ሞተሩ እንደ ቆመ ግን የሆዱን መስኮት አትክፈቱ፤ ውስጡ የጋለ የዘይት ጭጋግ አየር ሲያገኝ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭነቱ በትንሽ በትንሹ ይጨመር። የመጀመሪያው ዘይት ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ ይፍሰስ፤ ሲፈስ በነጭ ጨርቅ አጥልሉት። የሚያብለጨልጭ የብረት ትቢያ በብዛት ከተገኘ መካኒኩ ሳይርቅ ይጠራ።

ከዚያም በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ደብተር በገመድ ይሰቀል። የሚጻፍበትም እንዲህ ነው፦ ብሮንዚና የተለወጠበት ቀን፣ በጀርባው ያለው ቁጥር፣ ኮሎው ተሞርዶ እንደሆነ፣ የገጠመው መካኒክ ስም፣ ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ በየቀኑ የሠራው ሰዓት። ሞተሩ ዳግመኛ ሲፈታ ኮሚቴው መጀመሪያ የሚገልጠው ይህንን ደብተር ነው።